ሽንት ሽቅብ አይሄድም

«በእኛ ዘር በጭንቅላቱ የሸና ሰው የለም፤ በዚህ ልጅም አይጀመርም!»

ጋሽ ወልደ የሱስ የግቢያቸውን የቆርቆሮ በር ሲገፉ መጀመሪያ የሰሙት ይህንን ነው። ድምፁ የልጃቸው የዳናዊት አማት የአዴ ዋሪቱ ነበር። አዴ ዋሪቱ ለወትሮው ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው፤ በሚኖሩበት በሁሩሙ ድምፃቸው ከአጥር የሚያልፈው በገበያ ቀን ብቻ ነው ይባላል። ዕለቱ ግን ረቡዕ ሆኖ ሳለ ግቢው በሙሉ ገበያ መስሏል። ጋሽ ወልደ የሱስ የመጡት ሥራ አቋርጠው ነው። መቱ መናኸሪያ አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል የላይኛውን ፎቅ መጸዳጃ ፈትተው፣ የሕንፃውን ውሃ ዘግተው፣ ለባለቤቱ «አንድ ሰዓት ስጠኝ» ብለው ከተንበረከኩ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘቢደር ሦስት ጊዜ ደወሉ። በሦስተኛው አነሡት። «ቶሎ ና፤ ሐኪሙ የአብነትን ሽንት በራሱ በኩል ሊያደርገው ነው» አሉና ዘጉ። ሌላ አያት ቢሆን ይህንን ሲሰማ ወይ ይስቅ ወይ ያለቅስ ነበር። ጋሽ ወልደ የሱስ ግን በሠላሳ አራት ዓመት የሙያ ዘመናቸው ከጎሬ እስከ በደሌ የመጸዳጃ መሥመር የዘረጉ ሰው ናቸውና የተሰማቸው ሳቅም ሐዘንም ሳይሆን የሙያ ቁጣ ነበር። መፍቻዎቻቸውን በከረጢት ከትተው የሐምሌን ጭቃ እየረገጡ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ነገሩን በቅደም ተከተል አሰቡት። ፍሳሽ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሄድም። ይሂድ ከተባለ ፓምፕ ያስፈልገዋል። ፓምፕ መብራት ይፈልጋል። በመቱ መብራት ተማምኖ ደግሞ እንኳን ሽንት፣ የመጠጥ ውሃም ሽቅብ የሚልክ ጤነኛ ሰው የለም። እንግዲህ መብራት በሄደ ቁጥር ይህ የአራት ወር ሕፃን ምን ሊሆን ነው?

ሳሎኑ ጠባብ ነው። ግማሹን የያዘው ዳናዊት ስትዳር በዐሥራ ስምንት ሺህ ብር የተገዛው ሶፋ ሲሆን፣ እንዳይቆሽሽ ተብሎ የፋብሪካው ላስቲክ እስካሁን አልተነሣለትም። በዚህም ምክንያት በክረምት እርጥበት የተቀመጠበት ሰው ሁሉ ሲነሣ ሶፋው የሚያሰማው ድምፅ ጨዋን የሚያሳፍር ነው። አዴ ዋሪቱ አንድ ጊዜ ተቀምጠውበት ሲነሡ ያ ድምፅ ከተሰማ ወዲህ በርጩማ ስበው በሩ ሥር መቀመጥን መርጠዋል፤ ስለ ጉዳዩ ማንም ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ዳናዊት በሶፋው ጫፍ ሕፃኑን ታቅፋ ተቀምጣለች። የአብነት ራስ በድርብ ክር በተሠራ ቆብ ተሸፍኗል፤ ቆቡ የተሠራው ለሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ ያም ሆኖ ጠቦታል። ይህ ራስ ከልክ በላይ ማደጉን ከሁሉ ቀድመው የደረሱበት አያቱ ነበሩ። ሌላው ዘመድ በዓይኑ ያያል፤ እሳቸው ይለካሉ። እሑድ እሑድ በክር ዙሪያውን ይዘው ክሩን በሥራ ሜትራቸው ላይ ያስተኙታል፤ አርባ አንድ፣ አርባ ሦስት፣ አርባ አምስት ተኩል፣ ባለፈው እሑድ አርባ ዘጠኝ። ጎረቤት «ሊቅ ሊሆን ነው» አለ። አዴ ዋሪቱ የአባቱን አጎት ጠቀሱ፤ ራሱ ትልቅ ነበር፤ አድጎ የቀበሌ ሊቀ መንበር ሆነ። ጋሽ ወልደ የሱስ ሊቀ መንበሩን ያውቁት ስለነበር ይህ አላጽናናቸውም። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ደግሞ የልጁ ዓይን ጥቁሩ ወደ ታች እየሰመጠ ነጩ ከላይ መታየት ጀምሯል፤ የጠባውም አይረጋለትም።

«በይ ሐኪሙ ያለውን ቃል በቃል ንገሪኝ» አሉ ጋሽ ወልደ የሱስ፣ ባለቤታቸውን።

ወይዘሮ ዘቢደር ጠዋት ከልጃቸው ጋር ሆስፒታል ሄደው ነበር። ክፍሉ ውስጥ የገባችው እናቲቱ ብቻ ስለሆነች እሳቸው ገርበብ ባለው በር ጆሯቸውን ጥለው ቆዩ። «በጆሮዬ ነው የሰማሁት» አሉ፣ ደረታቸውን እየመቱ። «ሽንቱ በራሱ ይሠራል አለ። እንደገና ደግሞ፣ ሽንቱ መሥራት ካቆመ ልጁ ይተኛል፣ ያስመልሰዋል፣ በዚያው ቀን ይዛችሁ መምጣት አለባችሁ አለ። ሽንቱን የምናስገባው ጅማ ነው አለ። ከዚህ በላይ ምን ይበል?»

ይህንኑ ቀደም ብለው ለአዴ ዋሪቱ በኦሮምኛ አስረድተዋል። ወይዘሮ ዘቢደር ኦሮምኛቸው የገበያ ቢሆንም የገበያ ቋንቋ ጥቅሙ ማወላወል የሌለበት መሆኑ ነው፤ «ፊንጫን ከራ ማታ» አሉ፤ ሽንት፣ በጭንቅላት በኩል። በአማርኛ ምናልባት የተድበሰበሰ ነገር ቢኖርበት እንኳ በኦሮምኛ አንዳች የሚያጠራጥር ነገር አልቀረበትም።

«ያ ዋቃ!» አሉ አዴ ዋሪቱ፣ ሁለተኛ እንደ አዲስ ሲሰሙት። «ኦቦ ወልደ የሱስ፣ እርስዎ የዚህ ሥራ ሰው ነዎት። ይሆናል ወይ?»

«አይሆንም» አሉ ጋሽ ወልደ የሱስ።

«እንዴት ነው የማይሆን?»

«ፍሳሽ ሽቅብ አይሄድም፣ አዴ ዋሪቱ። ቢሄድም ይሸታል።»

ይህ ሙያዊ ውሳኔ በክፍሉ ውስጥ ታላቅ ክብደት አገኘ። ወይዘሮ ዘቢደር «አላልኩም?» በሚል ዓይን ዳናዊትን አዩ። ዳናዊት ከጠዋት ጀምሮ አልተናገረችም። ሀያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ካገባች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ልጁ ከታመመ ወዲህ ሁሉም ሰው ስለ እሷ እሷ ባለችበት የሚነጋገርበት ልማድ በቤቱ ሰፍኗል። ወተቷ ይበቃል አይበቃም፣ ስታረግዝ ምን በልታ ነበር፣ ለምን ዘይት ያለበት ነገር አበዛች፤ ይህ ሁሉ ከጭንቅላቷ በላይ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ዝም ብላ የልጁን ቆብ ታስተካክላለች። አሁን ግን ቀና ብላ አባቷን አየች።

«አባዬ፣ ዶክተሩ ዛሬ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው ያለው። ጅማ የሚወስዳቸውን ልጆች ስም ጽፎ ማታውኑ ይሄዳል። ዛሬ ያልተጻፈ ከሦስት ወር በኋላ ነው። አብነት ሦስት ወር ከቆየ ዓይኑ ይጠፋል ብሎኛል። ዓይኑ ብቻም አይደለም ብሎኛል።»

«ክረምቱ ይውጣ» አሉ አዴ ዋሪቱ። «ልጅ በጭቃ አይታከምም።»

የልጁ አባት ቀኖ ከሁሩሙ መቱ ሚኒባስ ይነዳል። ጠዋት በስልክ የሰጠው ቃል አጭር ነበር፤ እናቱ እሺ ካለች እሺ፣ እንቢ ካለች እንቢ። ስለዚህ ጉዳዩ በአዴ ዋሪቱ እጅ ነው፤ አዴ ዋሪቱ ደግሞ ውሳኔያቸውን ገና ጋሽ ወልደ የሱስ በሩን ሲገፉ አሰምተዋል። ጋሽ ወልደ የሱስ ከረጢታቸውን አነሡ። እንቢ ማለት አንድ ነገር ነው፤ አንድ የተማረ ሰው ሕንፃ በሚያህል ስሕተት ሲሳሳት እያዩ ዝም ማለት ግን ሌላ። «ሄጄ ይህንን ሐኪም አነጋግረዋለሁ» አሉ። አዴ ዋሪቱም ሐኪሙ ሲሸነፍ ለማየት ነጠላቸውን ደረቡ። ወይዘሮ ዘቢደር ቤት ጠባቂ ሆነው ቀሩ።

የባጃጁ ሹፌር ኮንትራት ሰማንያ ብር አለ። አዴ ዋሪቱ በዚህ ገንዘብ ከሁሩሙ መቱ ሁለት ጊዜ እንደሚመላለሱ፣ ልጃቸውም ሹፌር እንደሆነ፣ ሹፌር ማለትም ምን ዓይነት ሌባ እንደሆነ ከሁሉ ይልቅ እሳቸው እንደሚያውቁ አስረዱት። በስድሳ ተስማማ። መንገድ ላይ ሽንኩርት ስንት እንደገባ ተነሣ። ጋሽ ወልደ የሱስ ከሹፌሩ ጎን ግማሽ መቀመጫ ላይ ተንጠልጥለው፣ ኋላ ያሉት ሁለት ሴቶች ትንፋሽ እየሰሙ፣ ለሐኪሙ የሚናገሩትን ያዘጋጁ ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያለው አግዳሚ ሞልቶ የተረፈው ሰው በግድግዳው ተደግፏል። ለዳናዊት ቦታ የለቀቀችላት ከዲጃ የምትባል ከቡሬ የመጣች ወጣት ሴት ናት፤ የታቀፈቻት የስድስት ወር ሴት ልጅም ራሷ እንደ አብነት ነው። ሁለቱ እናቶች የልጆቻቸውን ቆብ አይተው ተያዩ። መናገር የጀመሩት አዴ ዋሪቱ ናቸው። ከዲጃን በኦሮምኛ ከየት እንደመጣች፣ የማን ልጅ እንደሆነች፣ የቡሬ ገበያ ዘንድሮ እንዴት እንደሆነ ጠየቁና፣ አንዲት እናት ለሌላዋ የሚገባትን ያህል አዝነው፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው ነገሯት። ጋሽ ወልደ የሱስ «ፊንጫን» የሚለውን ቃል ብቻ ሰሙ። የከዲጃ ፊት ሲለወጥ አዩ። ትንሽ ቆይታ፣ ማንንም ሳትሰናበት፣ የልጇን ማዘያ አጠበቀችና በኮሪደሩ ወደ ውጭው በር ሄደች። ጋሽ ወልደ የሱስ በዚያች ቅጽበት መሄዷ ትክክል መስሏቸው ነበር። ይህ በኋላ ብዙ ቀን የሚቆጠቁጣቸው ነገር ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መስቱራ የምትባለው ነርስ «አብነት ቀኖ» ብላ ተጣራች።

ሐኪሙ ዶክተር ነዚፍ ጋሽ ወልደ የሱስ የጠበቁትን ሰው አይመስልም። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው፤ የምሳ ሰዓቱን ስላልተጠቀመበት ጠረጴዛው ላይ ከወረቀቱ መካከል ግማሽ ዳቦ ተቀምጧል። የአጋሮ ልጅ ነው፤ ጅማ ተምሮ ጅማ ቀርቷል። በየሦስት ወሩ ወደ መቱ የሚመጣው ማንም አስገድዶት አይደለም። ብድግ ብሎ ወንበር አቀረበላቸው። ጋሽ ወልደ የሱስ አልተቀመጡም።

«ዶክተር፣ ሠላሳ አራት ዓመት ቧንቧ ሠርቻለሁ» አሉ። «ሽንት ሽቅብ አይሄድም።»

ዶክተሩ ጥቂት አሰበ። «ልክ ነው» አለ።

«ልክ ከሆነ ለምን ሊልኩት አሰቡ?»

«ማንን?»

«ሽንቱን።»

«የማንን ሽንት?»

«የልጁን ነዋ! የእርስዎን አላልኩም።»

ዶክተር ነዚፍ ዳናዊትን አየ። ዳናዊት የልጁን ቆብ ታስተካክል ነበር። «አባት» አለ ዶክተሩ፣ «ልጁ ሽንቱ ምንም አልሆነም፤ ችግሩ ጭንቅላቱ ነው።»

«በራሱ ይሠራል አላሉም?»

«አዎ ብያለሁ። በራሱ ይሠራል።»

«ካቆመስ?»

«ካቆመ በዚያው ቀን ወደ እኛ ማምጣት ነው።»

«አዩ! አመነ!» አሉ አዴ ዋሪቱ፣ ጣታቸውን ወደ ጠረጴዛው ቀስረው።

ከማዕዘኑ እንግዳ ድምፅ ተሰማ። ነርስ መስቱራ የታካሚ ማኅደር አፏ ላይ ለጥፋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ዶክተር» አለች ትንፋሽ ስታገኝ፣ «ሻንት ያሉትን እኮ ነው… ሽንት ብለው ነው የሰሙት።»

ሻንት ማለት ዶክተር ነዚፍ በትምህርት ቤት የተቀበለው፣ በውጭ ቋንቋ የተጻፈ፣ ከጭንቅላት ውስጥ ውሃ የሚያወጣ የአንድ ቀጭን ቱቦ ስም ነው። ከሽንት የሚለየው በአንዲት ፊደል እግር ሲሆን፣ ገርበብ ባለ በር በኩል ሲሰማ ያቺም እግር ትጠፋለች። «በራሱ» የሚለው ቃል ደግሞ፣ የሰውየውን ማንነት ከጭንቅላቱ ለይቶ የማያውቅ ቋንቋ ስጦታ ነው፤ ሻንቱ ያለ ፓምፕ፣ ያለ መብራት፣ በራሱ ይሠራል ያለውን ቀሪው ዓለም ሽንቱን በጭንቅላቱ ያደርጋል ብሎ ቢረዳው አማርኛን እንጂ ሰሚውን መክሰስ አይቻልም። ጋሽ ወልደ የሱስ ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

መስቱራ አሁንም ትስቅ ነበር። ዶክተር ነዚፍ ግን አልሳቀም። ከቦርሳው አንድ ጥቁር ማስታወሻ አውጥቶ ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠ። ባለፈው ዓመት በዚህ ክፍልና በሌሎች ሁለት ከተሞች ለዐሥራ አንድ ቤተሰብ ይህንኑ አስረድቷል። የተመለሱት አራት ናቸው። ለሰባቱ በሪፖርቱ የጻፈው ምክንያት በገጹ ግርጌ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ «ግንዛቤ ማነስ»። ጋሽ ወልደ የሱስ ጽሑፉን ከወዲህ ማዶ ሆነው፣ ተገልብጦ፣ አነበቡት። ዶክተሩ በእስክሪብቶው ጫፍ ሁለቱን ቃላት መታ፣ መታ አደረገና ማስታወሻውን ዘጋው።

«ያቺ የቡሬዋ» አሉ አዴ ዋሪቱ በድንገት። ነገሩን መስቱራ በኦሮምኛ አስረድታቸው ነበር፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። «እኔ ነኝ የነገርኳት። ሄደች።» መልስ ሳይጠብቁ ነጠላቸውን ጨብጠው ወጡ። በስልሳ ሁለት ዓመታቸው በሆስፒታል ኮሪደር ሲሮጡ የታዩት ያኔ ነው፤ ጥበቃው ሌባ የሚያባርሩ መስሎት ተከትሏቸዋል።

«ይህንን ነገር ምን ብዬ ልጥራው?» አለ ዶክተር ነዚፍ፣ ለራሱ የሚጠይቅ ያህል ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ማፍሰሻ ቱቦ» አሉ ጋሽ ወልደ የሱስ። «ምን ያስቸግራል? አሁን ይሳሉልኝና ልየው።»

ዶክተሩ በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ ሳለላቸው። ሰው አንጎሉ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ንጹሕ ውሃ ይመነጫል፤ በቀጭን መተላለፊያ ወርዶ፣ አንጎሉን አጥቦ፣ ወደ ደም ይገባል። የአብነት መተላለፊያ ከተፈጥሮው ጠቧል። ጋሽ ወልደ የሱስ መነጽራቸውን አወጡ። «ምንጩ ይሠራል፤ መውረጃው ተደፍኗል» አሉ፤ «ታንከሩም ስላልጠነከረ ይለጠጣል።» ዶክተሩ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ተማሪዎቹ ሰጥተውት እንደማያውቁ ተናገረ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቱቦው ነው፤ ከጭንቅላቱ ተነሥቶ ከቆዳ ሥር በአንገትና በደረት አልፎ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ሆድ ውሃውን ይመጠዋል።

«ቫልቭ አለው?»

«አለው። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያሳልፈው።»

«ልጁ ሲያድግ አያጥርም?»

«ትርፉን ሆዱ ውስጥ እንተውለታለን፤ ሲረዝም ይሳባል።»

«ይኸማ ደንበኛ ሥራ ነው» አሉ ጋሽ ወልደ የሱስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየውን በአክብሮት እያዩ። «ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ቱቦ የለውም። በቀጭን ካሜራ ገብተን የተጠራቀመው ውሃ ሥር፣ ወለሉ ላይ አዲስ ቀዳዳ እንከፍታለን። ውሃ የሚያመነጨውንም በከፊል እንተኩሰዋለን። ከዚያ ውሃው በራ…» አለና ቆመ። «ከዚያ ውሃው ያለ ማንም እርዳታ መውጫውን ያገኛል።»

የትኛው ይሻላል የሚለው ላይ ዶክተር ነዚፍ ነገር አላሳመረም። ቱቦው በገባበት ቀን ሥራውን ይጀምራል፤ ነገር ግን ዕቃ ነው፤ ይደፈናል፣ ያመረቅዛል፣ ይላቀቃል፤ ከዐሥሩ ሦስት አራቱ በመጀመሪያው ዓመት ይበላሻሉ። ቀዳዳው ከያዘ የሚበላሽ ነገር የለውም፤ በዚህ ዕድሜ ግን የመያዝ ዕድሉ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም፤ ከተዘጋ ወደ ቱቦ መመለስ ግድ ነው። በሁለቱም በኩል የተረፉም ያልተረፉም ልጆች አይቷል።

«ቱቦው ሲደፈን ጥገናው የት ነው?» አሉ ጋሽ ወልደ የሱስ።

«ጅማ።»

«ከመቱ ጅማ፣ በሐምሌ?»

ዶክተር ነዚፍ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መንገዱን ትናንት ራሱ መጥቶበታል፤ በደሌ ከመድረሱ በፊት ሁለት ጊዜ ከመኪና ወርዶ ገፍቷል። አዴ ዋሪቱ በዚህ መሃል ከዲጃን በእጇ እየጎተቱ ተመለሱ። ከግቢው በር ውጭ መኪና ስትጠብቅ ነበር ያገኟት። መስቱራ ከዲጃን አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻት፤ አዴ ዋሪቱ እያለከለኩ ገብተው ሁለቱን መንገዶች ሰሙና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ በሰውነቱ ውስጥ የሚቀር ዕቃ የሌለበት የትኛው ነው? ቀዳዳው። «እሱ ይሁን» አሉ።

ጋሽ ወልደ የሱስም ከሌላ መንገድ መጥተው እዚያው ደረሱ። በሙያ ዘመናቸው አንድ ሕግ አልጣሱም፤ ጠጋኝ በማይደርስበት ቦታ ቧንቧ አይዘረጉም። አንድ ጊዜ ኖፓ ላይ አንድ ባለጠጋ ይህንን ሕግ እንዲረሱለት በእጥፍ ሊከፍላቸው ፈልጎ ነበር፤ እንቢ ብለውታል። «ቀዳዳው» አሉ። ሁለቱ አማቾች ከሠርጉ ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ የመጀመሪያቸው ስለነበር ሁለቱም ትንሽ ደነገጡ። ዶክተሩም እስክሪብቶውን አነሣ።

«እኔ ቱቦውን ነው የምፈልገው» አለች ዳናዊት።

ሁሉም ዞረው አዩአት። ልጇን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችው።

«ዳኒ» አሉ አባቷ ለስለስ ብለው፣ «ሰምተሻል እኮ። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?»

«ጠጋኙ ያለበት እኖራለሁ።»

«የት?»

«ጅማ ነዋ። ቀዳዳው ያዘ አልያዘ እያልኩ ግማሽ ዕድል ይዤ መቱ አልቀመጥም። ዓይኑ እየሄደ ነው፣ አባዬ። ቱቦው በገባበት ቀን ይሠራል። ሲደፈን ደግሞ በእግሬ ነው የማደርሰው።»

«ይህንን አሁን ነው ያሰብሽው?»

«ጠዋት ነው። ዶክተሩ ሁሉንም በደንብ አስረድቶኛል፤ ሁለቱንም።»

ጋሽ ወልደ የሱስ አንድ ነገር ቀስ እያለ ገባቸው፤ ሲገባቸውም ደስ አላላቸውም። «ሽንት አለመሆኑን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። ቁጣ የለበትም። ቀጥሎ ግን፣ ልጁን እያየች፣ ፈጠን ብላ ተናገረች፤ «እማዬ ሽንት ስትል ላርማት ነበር። ከዚያ ሃርሜ ከበርጩማቸው ሲነሡ አየሁ። ቱቦ ነው ብዬ ቢሆን ኖሮ ሃርሜ ክረምቱ ይውጣ ብለው ይቀመጡ ነበር፤ አንተም ሥራህን አትጥልም፤ በስልክ እግዚአብሔር ያውቃል ትለኝ ነበር። ሽንት ሲባል ግን ሁላችሁም በአንድ ባጃጅ መጣችሁ።»

ሃርሜ የምትላቸው አማቷን ነው፤ እናቴ ማለቷ ነው። አዴ ዋሪቱ ከአማርኛው ግማሹን ብቻ ስለያዙ ፊታቸውን ወደ ጋሽ ወልደ የሱስ አዞሩ። ጋሽ ወልደ የሱስ ማስተካከል፣ ማለዘብ፣ ከመሃሉ ጥቂት ማስቀረት ይችሉ ነበር፤ የቤተሰብ አስተርጓሚ ሥራው ይኸው ነው። አንድም ሳያስቀሩ በኦሮምኛ ነገሯቸው፤ ጅማ የሚለውንም፣ ማን ጠየቀኝ የሚለውንም። አዴ ዋሪቱ መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

ዶክተር ነዚፍ ቅጹን በጠረጴዛው ላይ ወደ ዳናዊት አንሸራተተው። የታካሚ ስም፣ የሚደረገው ሕክምና፣ የእናት ወይም የአባት ፊርማ። መስቱራ ልጁን ተቀበለቻትና ዳናዊት ጻፈች። ከፊርማው በታች አድራሻ የሚል መሥመር ነበር፤ ሳታመነታ «ጅማ» አለችበት።

«ቀበሌ?» አለ ዶክተሩ።

«ገና ነው።»

«የቤት ቁጥር?»

«እሱም ገና ነው።»

ዶክተሩ ባዶውን ባዶ አድርጎ ተወው። ጋሽ ወልደ የሱስ ያቺን ሦስት ጣት የምታህል ባዶ መሥመር አዩአት። ልጃቸው ቤት በሌላት ከተማ፣ አንድ ሰው በማታውቅበት፣ ደመወዙ ነዳጅና ጎማ የሚበላው ባሏ ይከተላት አይከተላት ባልታወቀበት አድራሻዋን ጻፈች። ሕጉን የጣሰች መስሏቸው ነበር፤ መልሰው ሲያስቡት ግን ጠጋኝ በሌለበት ቧንቧ አይዘረጋም ከሚለው ውስጥ እሳቸው በሠላሳ አራት ዓመት ያላዩትን ግማሽ ነው ያገኘችው። መነጽራቸውን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱ።

የአዴ ዋሪቱ ስልክ ጮኸ። ቀኖ ነው፤ ከኋላው የተሳፋሪ ጫጫታ ይሰማል። እናቱ ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው ያዙት። «ሃርሜ? ሃርሜ?» እያለ ተጣራ። «ተፈርሟል» አሉት በመጨረሻ በኦሮምኛ። ማን ፈረመ ብሎ ሳይጠይቅ አልቀረም። «እናቱ ናታ» አሉና ስልኩን ዘጉት። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ማንንም ሳያዩ፣ መስቱራን በዚያ ባልተሟላ አማርኛቸው ጠየቋት።

«ጅማ ብርድ አለ?»

«ኧረ የት አለ፣ አዴ! እኔ የጅማ ልጅ ነኝ።»

«እንግዲያው» አሉ አዴ ዋሪቱ፣ «ጋቢ አልሸከምም።»